የወጥ ቤቱ ግድግዳ

የሰው ልጅ ታሪክ የሚገኘው በቤተ መንግሥት አዳራሽና በጦር ሜዳ ብቻ አይደለም። ታሪክ ጸሓፊ ብዙ በማይጐበኘው በወጥ ቤት ውስጥም፥ ማስተዋል ለሚፈልግ ሰው ብዙ ታሪክ ተጽፎ ይገኛል። ምድጃው የቆመበት ስፍራ፥ የመስኮቱ ስፋትና ጥበት፥ በሩ ወዴት እንደሚከፈት፥ ይልቁንም ወጥ ቤቱን ከእንግዳ መቀበያው የሚለየው ግድግዳ፥ የዚያ ቤት ሰዎች ስለ ሥራና ስለ ክብር ምን ያስቡ እንደ ነበር ይመሰክራሉ። ግድግዳ አፍ ባይኖረውም ማን በወዲያ፥ ማን በወዲህ እንደ ቆመ ይናገራል።

እኛ ይህን ነገር ለመመርመር የተነሣነው በመጻሕፍት ፍቅር ብቻ አይደለም፤ በራሳችን ቤት በተነሣ ክርክር ምክንያት ነው እንጂ። የምንኖርበት ቤት ከአባታችን የወረስነው ነው። ሳሎኑ ሰፊና ብርሃን የሞላበት ሲሆን፥ ወጥ ቤቱ ግን በስተኋላ በኩል የተሠራ፥ ጠባብ፥ አንዲት ትንሽ መስኮት ብቻ ያለችው፥ ግድግዳው በጢስ የጠቆረ ነበር። ባለፈው የትንሣኤ በዓል ዘመድና ወዳጅ ጠርተን፥ እኛ በሳሎን ከእንግዶቻችን ጋር ስንበላ፥ ስንጠጣና ስንጫወት ዋልን። ባለቤታችን ግን ከጧት ጀምራ ከምድጃው አልተለየችም፤ ወደ ሳሎን የገባችው ሳህን ለማቅረብና ሳህን ለማንሣት ብቻ ነበር። እንግዶቹ ተሰናብተው ከሄዱ በኋላ፥ «ሣቃችሁን በግድግዳው ሰማሁት፤ የሣቃችሁበትን ነገር ግን አላወቅሁም» አለችን።

ይህን የተናገረችው ለወቀሳ አልነበረም፤ ቢሆንም ከማንኛውም ወቀሳ ይልቅ ከበደን። ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ ግንበኛ አስመጣን። እርሱም ግድግዳውን በመዶሻው መታ መታ አድርጎ አዳመጠና፥ «ጣራውን የያዙት የሲሚንቶ ምሰሶዎቹ ናቸው፤ ይህ በመካከል የተደረደረ ብሎኬት ነው። ከፈለጋችሁ በሁለት ቀን እናፈርሰዋለን» አለ። እናታችን ግን፥ «በእንግዳ ፊት ሽንኩርት ሊቁላላ ነው? ጓዳ የሌለው ቤት ምን ቤት ይባላል!» ብለው አጥብቀው ተቃወሙ። እኛም በሁለቱ መካከል ቆመን፥ ለመሆኑ ይህን ግድግዳ መጀመሪያ ያቆመው ማን ነው? ያቆመውስ ስለ ምንድን ነው? ብለን ራሳችንን ጠየቅን። ከዚህ ቀጥሎ የምናቀርበው የዚህን ጥያቄ መልስ ነው። የውጭ አገሩን ታሪክ ዘመን በአውሮጳውያን አቆጣጠር፥ የአገራችንን ግን በራሳችን አቆጣጠር እንጽፋለን።

በመጀመሪያ ግድግዳው አልነበረም። በአውሮጳ በመካከለኛው ዘመን በብዙ ባላባቶች አዳራሽ ሳይቀር እሳቱ በወለሉ መካከል ይነድ፥ ጢሱም በጣራው ቀዳዳ ይወጣ ነበር። ጌታውም አሽከሩም፥ አብሳዩም በላተኛውም በአንድ ጣራ ሥር በአንድ ጢስ ይታጠኑ ነበር። ኋላ ግን ሀብትና ማዕርግ እየሰፋ ሲሄድ፥ ማብሰያው ከመብል ቤቱ ተለየ። የተለየበትም ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው እሳትና ጢስ ነው፤ ቤት እንዳይቃጠል፥ ልብስና ምንጣፍም ሽታ እንዳይጠጣ በማሰብ ነው። ሁለተኛው ማዕርግ ነው፤ የሚበላው ሰው የሚደክመውን ሰው እንዳያይ ነው። እነዚህ ሁለቱ ምክንያቶች እንደ መንታ አብረው ስለሚኖሩ አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል። ብዙ ጊዜም ሁለተኛው በመጀመሪያው ተሸፍኖ፥ «ስለ ጢሱ ነው» እየተባለ ሲኖር እናያለን።

በእንግሊዝ አገር በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን በታላላቅ ሰዎች መኖሪያ ወጥ ቤቱ ከመብል አዳራሹ እጅግ ይርቅ ስለ ነበር፥ ምግቡ በረጅም መተላለፊያ ተጉዞ ከጠረጴዛው እስኪደርስ ይበርድ ነበር። በለንደን ከተማም የባለጸጎች ቤት ወጥ ቤቱ ከመንገዱ ወለል በታች እንዲሆን ተደርጎ ይሠራ ነበር። በአሜሪካ ደቡብ ደግሞ ባርያ አሳዳሪዎቹ ባለ ርስቶች ወጥ ቤቱን ከዋናው ቤት ለይተው በግቢው ውስጥ ለብቻው ያሠሩት ነበር፤ በዚያም እየነደዱ የሚያበስሉት በባርነት የተያዙ ጥቁር ሰዎች ነበሩ። እሳቱን ማራቅ መልካም ጥንቃቄ ነበር፤ ነገር ግን ከእሳቱ ጋር የራቀ ሰው ነበረ።

በእኛም አገር ነገሩ ከዚህ ብዙ የተለየ አልነበረም። በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ግቢ እንጀራ ቤቱ፥ ወጥ ቤቱ፥ ጠጅ ቤቱና ሥጋ ቤቱ እያንዳንዱ ለየብቻው፥ በየሹሙም የሚጠበቅ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ ከ1882 እስከ 1906 ዓ.ም. ድረስ፥ በአዲስ አበባው ቤተ መንግሥት ግብር ሲገባ በሺህ የሚቈጠር ሰው በየተራው ይበላ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም በመጀመሪያ በመጋረጃ ተከልለው ይመገቡ፥ ኋላም መጋረጃው ይገለጥ ነበር። ነገር ግን እህሉን የፈጨችውን፥ ሽንኩርቱን የላጠችውን፥ እንጀራውን የጋገረችውን ሴት የሚገልጥ መጋረጃ አልነበረም። «ሴት ወደ ማጀት፥ ወንድ ወደ ችሎት» የሚለው ተረት ይህንኑ አሠራር በአጭር ቃል ይገልጸዋል።

ድኻው ግን ግድግዳ የሚያበዛበት አቅም ስለ ሌለው፥ በአውሮጳም ሆነ በአገራችን፥ ማብሰያውም መብሊያውም መኝታውም አንድ ክፍል ነበር። እንግዲህ ዛሬ ዘመናዊ ተብሎ የሚደነቀውና ብዙ ገንዘብ የሚወጣበት ከሳሎን የተቀላቀለው ወጥ ቤት፥ ቀድሞ የድኻ ዕጣ እንደ ነበር ማስተዋል ይገባል። ልዩነቱ ምንድን ነው ቢባል፥ ድኻው ከጢሱ ጋር መኖሩ፥ የዛሬው ባለ ቤት ግን ጢሱን አስወግዶ መክፈቱ ነው።

የወጥ ቤትን ሥራ እንደ ቁም ነገር ቈጥረው ከመረመሩት መካከል ካተሪን ቢቸር የምትባል አሜሪካዊት መምህርት በግንባር ቀደምትነት ትጠቀሳለች። እርስዋም ከእኅቷ ከሃሪየት ቢቸር ስቶው ጋር በ1869 ስለ አሜሪካዊት ሴት ቤት አያያዝ አንድ መጽሐፍ አሳተመች። ሃሪየት ከዚያ በፊት በ1852 የባርነትን ግፍ የሚገልጸውን ስለ አጎት ቶም የተጻፈውን ልብ ወለድ ያሳተመችው ናት። ካተሪን የተመለከተችው የእንፋሎት መርከብን ወጥ ቤት ነው። በመርከብ ላይ ስፍራ ስለሚጠብ፥ ዕቃው ሁሉ ከአብሳዩ እጅ አጠገብ ተደርድሮ፥ በጥቂት እርምጃ ለብዙ ሰው የሚበቃ ምግብ ይሠራል። በቤትም እንዲሁ ዱቄቱ፥ መደርደሪያው፥ ማጠቢያውና የሥራው ጠረጴዛ በመስኮት ብርሃን አጠገብ ተያይዘው እንዲቀመጡ ንድፍ አወጣች። ምድጃውን ግን ሙቀቱና ሽታው እንዳይሰማ በተንሸራታች የመስተዋት በር ከሥራው ስፍራ ለየችው። የሐሳቧ መሠረት፥ የቤት እመቤት ያለ ገረድ ራስዋ ሠርታ በክብር መኖር እንድትችል ነው። ጢሱ ከሰው ሊለይ እንደሚችል፥ ሰው ግን ከሥራው ጋር አብሮ መደበቅ እንደማይገባው፥ ይህች ሴት አስቀድማ እንደ ተረዳችው እንገምታለን።

ከዚህ በኋላ በፋብሪካ ውስጥ የሠራተኛን እንቅስቃሴ በሰዓት እየለኩ ትርፍ ድካምን የመቀነስ ትምህርት በአሜሪካ ተስፋፋ። ክሪስቲን ፍሬድሪክ የተባለች ሴት ይህን ትምህርት ወደ ወጥ ቤት አምጥታ፥ በ1912 በአንድ የታወቀ የሴቶች መጽሔት ላይ በተከታታይ ጻፈች። ሳህን ለማጠብ ስንት ጊዜ መመላለስ፥ ስንት ጊዜ ማጐንበስ እንደሚያስፈልግ ቈጠረች፤ የዕቃውን ቅደም ተከተል በማስተካከል ብቻ ብዙ እርምጃ እንደሚቀር አሳየች። ጽሕፈቷም ወደ ጀርመን ቋንቋ ተተርጕሞ በዚያ አገር መሐንዲሶች እጅ ገባ።

በጀርመን አገር ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ታላቅ የቤት ችግር ነበረ። በፍራንክፈርት ከተማ የሕንፃ ሥራ ኀላፊ የነበረው ኧርንስት ማይ፥ ከ1925 እስከ 1930 ባለው ጊዜ ለሠራተኛው ሕዝብ በሺህ የሚቈጠሩ ቤቶችን አሠራ። የወጥ ቤቱንም ንድፍ በ1926 እንድታወጣ የታዘዘችው የኦስትሪያ ተወላጅ የሆነችው ማርጋሬቴ ሊሆትስኪ ናት፤ ኋላም አግብታ ሹተ ሊሆትስኪ ተብላለች። በ1897 ቪየና ተወልዳ በ2000 ዓረፈች። በጦርነቱ ዘመን ናዚዎችን በመቃወሟ ከ1941 እስከ 1945 ታስራ የነበረች ብርቱ ሴት ናት። እርስዋ የሠራችው ወጥ ቤት ወርዱ 1.9 ሜትር፥ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ብቻ ነበር። ምሳሌዋም በባቡር ላይ ያለ ወጥ ቤት ነው። ስኳሩ፥ ሩዙና ሌላውም እህል እያንዳንዱ ስሙ በተጻፈበት የአሉሚኒየም መሳቢያ ይቀመጣል፤ የዱቄቱ መሳቢያ ትል እንዳይገባበት ከኦክ እንጨት ተሠራ፤ ቁምሳጥኖቹም ዝንብ ይሸሸዋል በተባለ ሰማያዊ አረንጓዴ ቀለም ተቀቡ። በዚህ ዓይነት ወደ 10,000 የሚሆን ወጥ ቤት ተሠራ። የሚያስደንቀው ግን፥ ይህን ንድፍ ከማውጣቷ በፊት ቤት ይዛ፥ ምግብም አብስላ እንደማታውቅ ራስዋ ኋላ መናገሯ ነው።

ይህ ወጥ ቤት ግድግዳ ያለው ነበር። ነገር ግን ግድግዳው የቆመው ለማዕርግ አልነበረም። ሠራተኛው ሕዝብ ማብሰያውም መኝታውም አንድ በሆነበት፥ ጢስና እንፋሎት በታመቀበት ክፍል ስለ ኖረ፥ ለእርሱ የተለየ ንጹሕ ወጥ ቤት ማግኘት ዕድገት ነበር። መሐንዲሷም እናት እየሠራች ልጆቿን ማየት እንድትችል፥ ወጥ ቤቱን ከመኖሪያው ክፍል በሰፊ ተንሸራታች በር አገናኘችው። የመብሉም ጠረጴዛ ከዚያ በጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ነበር። ቢሆንም ክፍሉ ከአንድ ሰው በላይ አያሠራም። እናት ስትሠራ ባል ሊያግዛት ቢፈልግ እንኳ የሚቆምበት ስፍራ የለም። ከ1970ዎቹ ወዲህ ብዙ ሴቶች ይህን ወጥ ቤት፥ ድካምን ቀንሶ ብቸኝነትን የጨመረ ነው እያሉ ነቀፉት። ከዚህም አንድ ትምህርት እናገኛለን፤ በበጎ ሐሳብ የቆመ ግድግዳም ቢሆን ከጊዜ በኋላ ሊለያይ ይችላል።

ግድግዳውን በግልጽ ካፈረሱት አንዱ አሜሪካዊው የሕንፃ ንድፍ ሊቅ ፍራንክ ሎይድ ራይት ነው። ሄርበርት ጄከብስ የሚባል ጋዜጠኛና ሚስቱ ካተሪን፥ አቅማቸው የሚፈቅደው ጥሩ ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁት። ቤቱም በማዲሰን ከተማ በዊስኮንሲን ክፍለ አገር በ1937 ተሠርቶ አለቀ፤ ዋጋውም የራይትን የድካም ዋጋ ጨምሮ 5,500 ዶላር ነበር። በዚህ ቤት ወጥ ቤቱ ከቤቱ መካከል፥ ከመብል ስፍራው አጠገብ ሆኖ ወደ ሳሎኑ ተከፈተ። ራይትም ወጥ ቤት ማለቱን ትቶ «የሥራ ስፍራ» ብሎ ጠራው። ስሙን መለወጡ ከንቱ ነገር አይደለም። ገረድ የማይኖርበት ቤት ነውና፥ የምታበስለው ራስዋ የቤቱ እመቤት፥ እንግዳ ተቀባይዋም እርስዋው ናት። እንግዳ ተቀባይ ደግሞ ከእንግዶቿ ተለይታ በግድግዳ ጀርባ ልትውል አይገባትም። ራይት እንዲህ ባሉ ቤቶቹ የወጥ ቤቱን ጣራ ከሌላው ከፍ አድርጎ ከላይ መስኮት በማበጀት፥ ሽታው ወደ ሳሎን ሳይሄድ ሽቅብ እንዲወጣ ለማድረግ አሰበ። ስለዚህ ማዕርግን የሚያሳየው ግድግዳ የፈረሰው ጢሱ ሌላ መውጫ ባገኘ ጊዜ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህ አሠራር በአሜሪካ ተስፋፋ። በየቤቱ የሚያድር ገረድ እየቀነሰ ሄደ፤ ጋዝና ኤሌክትሪክ የእንጨትንና የከሰልን ቦታ ያዙ፤ ከምድጃው በላይ የሚሰቀል የጢስ መሳቢያም መጣ። ከዚያም ምግብ ማብሰል ራሱ የሚታይ ጥበብ ሆነ። በ1963 ጁሊያ ቻይልድ የምትባል ሴት በቴሌቪዥን የፈረንሳይን ምግብ አሠራር ማስተማር ስትጀምር፥ ወጡ ሲያር፥ ዕቃው ከእጅ ሲወድቅ ሳትደብቅ እየሣቀች ትሠራ ነበር። የራስዋ ቤት ወጥ ቤት በ2001 ተነቅሎ ዋሽንግተን ወደሚገኘው ወደ ስሚዝሶንያን ቤተ መዘክር ተወሰደ። ቀድሞ በግድግዳ የተሸሸገ ክፍል በአገር ቤተ መዘክር ውስጥ ለሕዝብ እንዲታይ መቆሙ የጊዜውን ለውጥ ያስረዳል።

ይሁን እንጂ ዕቃው ማማሩና ግድግዳው መፍረሱ ብቻ ሥራውን እንደማያቀል ማስታወስ ያስፈልጋል። በሐምሌ ወር 1959 የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰንና የሶቪየት ኅብረት መሪ ኒኪታ ክሩሽቾቭ በሞስኮ በተከፈተው የአሜሪካ ኤግዚቢሽን ተገኝተው፥ ጐብኝ ሕዝብ እንዲያልፍበት ከመካከሉ በተከፈለ ቤት ውስጥ፥ በወጥ ቤቱ ፊት ቆመው ተከራከሩ። ኒክሰን አዳዲሶቹ ዕቃዎች የቤት እመቤቶችን ድካም የሚያቀሉ ናቸው አለ፤ ክሩሽቾቭም ስለ ሴቶች እንዲህ ያለ አስተሳሰብ በእኛ ዘንድ የለም ብሎ መለሰ። ሁለቱም ስለ ሴት ድካም ተናገሩ፤ ድካሙን ስለ መካፈል ግን ከሁለቱ አንዱም አላነሣም። ሩት ሽዋርትስ ካወን የተባለች የታሪክ ምሁር በ1983 ባሳተመችው መጽሐፍ እንዳስረዳችው፥ የቤት መሣሪያ በበዛ ቁጥር የንጽሕናውና የድግሱ ደረጃ አብሮ ከፍ ስላለና ቀድሞ ወንዱና ልጆቹ ይሠሩት የነበረው ሥራ ስለ ቀረ፥ የእናትዮዋ የሥራ ሰዓት እንደ ታሰበው አልቀነሰም። እንጨት ፈላጩ ባል ዐረፈ፤ ምድጃውን የምትጠብቀዋ ሚስት ግን አላረፈችም።

ደግሞም ክፍት ወጥ ቤት የራሱ ጣጣ አለው። ያልታጠበ ድስት ከእንግዳ ዐይን አይሰወርም፤ የዕቃ ኳኳታ ጨዋታን ያቋርጣል፤ ሽታው በመጋረጃና በወንበር ላይ ይቀራል። ስለዚህ ዛሬ በአሜሪካም ሆነ በሌላ አገር ሀብት ያላቸው ሰዎች ለእንግዳ የሚታየውን የሚያብረቀርቀውን ወጥ ቤት በሳሎን ከፍተው፥ ከኋላው እውነተኛው ሥራ የሚሠራበትን ሌላ ትንሽ ወጥ ቤት ሲያሠሩ ይታያሉ። በፊት በር የወጣው ግድግዳ በጓሮ በር ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

በአዲስ አበባም በብዙ ቪላዎች ይኸው ነገር ይታያል። በቤቱ ውስጥ ቁምሳጥኑ የሚያምር ወጥ ቤት አለ፤ በግቢው ጀርባ ደግሞ ምጣዱ የሚጣድበት፥ በርበሬው የሚታመስበት፥ ዶሮው የሚገነጠልበት ማድ ቤት አለ። ይህ አሠራር በከንቱ የመጣ አይደለም። የእኛ ምግብ ሽንኩርቱ ብዙ ሰዓት የሚቁላላ፥ እንጀራውም ሰፊ ምጣድ የሚፈልግ ስለ ሆነ፥ ለአውሮጳ ምግብ ከተወጠነው ጠባብ ወጥ ቤት ጋር አይስማማም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲሠሩ፥ ለእንጀራ መጋገሪያ፥ ለከብት ማረጃና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን የጋራ ቤት በየግቢው እንዲኖር የታሰበው ስለዚህ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ብዙዎቹ ቤታቸው ክፍት ወጥ ቤት ያለው ሆኖ ሳለ፥ የኤሌክትሪክ ምጣዱን በመኪና ማቆሚያው ወይም በምድር ቤቱ ማኖራቸው ከዚሁ የመጣ ነው።

እናታችን «ጓዳ የሌለው ቤት ምን ቤት ይባላል» ማለታቸው እንግዲህ ዕውቀት ያለበት ቃል ነው። ጢስ ቀላል ነገር አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው፥ በ2020 በቤት ውስጥ ከሚነድ እንጨት፥ ከሰል፥ ኩበትና ይህን ከመሰለው በሚወጣ ጢስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ከጢሱ አጠገብ የሚውሉት ደግሞ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። መውጫ ያላበጁለትን ጢስ ግድግዳ አፍርሶ ወደ ሳሎን ማምጣት በሽታን ለቤተ ሰብ ሁሉ ማካፈል ነው። ግድግዳውን ትቶ ጢሱን ለአንዲት ሴት ብቻ መተውም ከዚያ የባሰ ነው።

ነገር ግን እናታችን ያላስተዋሉት አንድ ነገር ነበር። በእንግዳ ፊት መሥራት ነውር ነው ቢሉም፥ ከልጅነታችን ጀምሮ በእንግዳ ፊት ሲሠሩ ያየናቸው ራሳቸው ናቸው። ቡና ሲያፈሉ ቄጠማ ተጐዝጕዞ፥ ረከቦቱ ተዘርግቶ፥ ቡናው በሳሎኑ መካከል ይታጠባል፥ ይቈላል፤ የተቈላውም ለእንግዳው እየዞረ ሽታው ይቀርብለታል፤ ከዚያም ይወቀጣል፥ በጀበና ይፈላል፥ እስከ ሦስተኛው በረካ ድረስ ይጠጣል። የምታፈላዋ ሴት በጨዋታው መካከል ተቀምጣ ትናገራለች፥ ትሰማለች፥ ትሥቃለች። ሥራው ስለ ታየ ማዕርጓ አልቀነሰም፤ እንዲያውም እንግዳው ያመሰግናታል፥ ይመርቃታል። እንግዲህ ራይት በ1937 በብዙ ምርምር የደረሰበትን ነገር፥ አያቶቻችን ቢያንስ ለቡናው ዐውቀውት ኖረዋል። ለወጡ ግን አላደረጉትም። ቡናው በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያልቅ ሲሆን፥ የወጡ ድካም ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ በመሆኑ፥ ረጅሙ ድካም በጓዳ ተሸሽጎ አጭሩ ድካም በአዳራሽ ተከበረ።

ይህን ለእናታችን ባጫወትናቸው ጊዜ ዝም ብለው አዳመጡን፤ ከዚያም፥ «ቡና ዐይን አያስለቅስም፤ ሽንኩርት ግን ያስለቅሳል። ሽንኩርቱን አንተ የምትልጥ ከሆነ ግድግዳው ይፍረስ» አሉን። መሥሪያ ቤት ውለን ማታ የምንመለስ ሰዎች ነንና፥ ይህ ቅድመ ሁኔታ መጀመሪያ ቀልድ መሰለን። ኋላ ግን የታሪኩ ሁሉ ፍሬ ነገር በዚህች አንዲት ቃል ውስጥ እንዳለ ተረዳን።

በመጨረሻም እንዲህ አደረግን። ግንበኛው ግድግዳውን ሙሉ በሙሉ አላፈረሰውም፤ እስከ ወገብ ድረስ ያለውን ትቶ ከዚያ በላይ ያለውን አነሣው፤ በቀረውም ላይ ሰፊ ጣውላ ተጋድሞበት ከሁለቱም ወገን የሚሠራበት ጠረጴዛ ሆነ። ከምድጃው በላይ የጢስ መሳቢያ ተሰቀለ፤ ትንሿም መስኮት ሰፋች። ምጣዱ ግን በጓሮ በኩል፥ ክዳን ባለውና ጢስ ማውጫ በተበጀለት ስፍራ ቀረ፤ በዚህ እናታችን ረቱን። ቤታቸው ከጭቃና ከእንጨት የተሠራ ሰዎች ግን እኛን አይተው ከመነሣታቸው በፊት ሊጠነቀቁ ይገባቸዋል፤ በዚያ ዓይነት ቤት ጣራውን የተሸከመው በግድግዳው ውስጥ ያለው ማገርና ቋሚ ስለ ሆነ፥ ዐዋቂ ሳይጠይቁ መንካት አደጋ ነው።

ለዘመን መለወጫ ዘመዶቻችን እንደገና ተሰበሰቡ። እኛም በተባለው መሠረት በጠረጴዛው ወዲህ ቆመን ሽንኩርቱን ስንልጥ፥ ዕንባችን እየወረደ እንግዶቹን ሰላም አልን። አጎታችን፥ «ምነው፥ በዓመት በዓል ቀን ምን ሐዘን ደረሰባችሁ?» ቢሉን ቤቱ በሙሉ በሣቅ ተሞላ። ባለቤታችንም በጠረጴዛው ወዲያ ቆማ ከሁሉ በላይ ሣቀች፤ የተሣቀበትን ነገር በዚህ ጊዜ ታውቀው ነበር። ሥራውን እኩል ተካፍለናል ብለን ግን ለአንባቢ አንዋሽም። ዛሬም ብዙው ድካም የእርስዋ ነው። ቢሆንም ድካሙ በዐይናችን ፊት ስለ ሆነ፥ እንደ ቀድሞው አላየንም ለማለት አንችልም።

ስለዚህ ቤታቸውን ለማደስ፥ ወጥ ቤታቸውንም ከሳሎን ለማገናኘት ለሚያስቡ ሁሉ፥ ከታሪክ የተማርነውን በአጭሩ እንናገራለን። ግድግዳውን ከማፍረስ በፊት ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ይገባል። አንደኛው፥ ጢሱ በየት ይወጣል? የሚል ነው፤ ይህን መሐንዲስና ግንበኛ ይመልሱታል። ሁለተኛው፥ ሥራውን ማን ይሠራል? የሚል ነው፤ ይህን ግን መሐንዲስ አይመልሰውም። መልሱ ያለው በቤቱ ባለቤቶች እጅ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ሳይመለስ ግድግዳው ቢፈርስ፥ የቀድሞዋ ብቸኛ ሠራተኛ በእንግዶች ፊት ብቻዋን ስትደክም ትታያለች እንጂ ሌላ ለውጥ አይመጣም። ሁለቱም ከተመለሱ ግን፥ ወጥ ቤቱ ያረጀና የጠቆረ ቢሆን እንኳ፥ በዚያ ቤት እንግዳ ተቀባይ የማይሆን ሰው አይኖርም።